ልጄ ዕዳ ገባ ወይ? የዩኒቨርሲቲ ወጪ ከደሴ ሲቆጠር

አንዲት የሰፈራችን እናት ስልካቸውን ይዘው እቤት መጡ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከገባ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። በቴሌግራም አንድ ፎቶ ልኮላቸዋል። ደቃቅ ጽሑፍ የሞላበት ቅጽ ነው። ከታች የልጁ ፊርማ አለ።

«እስኪ አንብብልኝ» አሉኝ። «ፈረምኩ አለኝ። ምን ላይ ነው የፈረመው? ልጄ ዕዳ ገባ ወይ?»

«አብሽሩ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አልኳቸው። ቡና እየፈላ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ስለዚያች ቅጽ ብቻ አወራን። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ መካነ ሰላም ውስጥ ስንት እናት ነው ይህን ጥያቄ ይዞ የሚጠይቀው ያጣ? ስለዚህ ያወራነውን እዚህ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ አዎ ነው። ልጁ ዕዳ ገብቷል። ግን የሚያስደነግጥ ዕዳ አይደለም። ከአራጣ አበዳሪ እንደተወሰደ ገንዘብ ቤት የሚያስሸጥም አይደለም። ምን እንደሆነ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ቅጹ ምንድን ነው?

ቅጹ የወጪ መጋራት ውል ነው። ግቢ ውስጥ ሁሉም የሚጠራው «ኮስት ሼሪንግ» ብሎ ነው።

ድሮ እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረም። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተ ጀምሮ ለረጅም ዘመን መደበኛ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም ነበር። ያኔ የሚማረው ሰው ጥቂት ነው። በ1995 የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ወጣ። ዩኒቨርሲቲዎች ሊበዙ ነው፤ መንግሥት ሁሉንም ብቻውን ሊሸፍን አልቻለም። ተማሪውም ከተመረቀ በኋላ ድርሻውን ይክፈል ተባለ። ከ1996 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በአገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሦስቱ እዚሁ ወሎ ናቸው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም።

ውሉ እንዲህ ይላል። ለማስተማር ከሚወጣው ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ተማሪው ይሸፍናል። ቀሪውን መንግሥት ይችላል። የምግብና የመኝታው ግን ሙሉ በሙሉ የተማሪው ነው። አሁን በኪሱ ስለሌለ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። ደንቡ መጀመሪያ ሲወጣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እንዲቆረጥ ነው ያስቀመጠው። የሚቆርጠው አሠሪው ነው፤ ቆርጦ ለገቢዎች ያስገባል። በመምህርነት የሰለጠነ ሰው ደግሞ ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በማስተማር አገልግሎት እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። አቅም ያለው ቤተሰብ ከወዲሁ ከከፈለም ቅናሽ ያገኛል።

እዚህ ጋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ነገር አለ። «ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው» ይባላል። ነፃ አይደለም፤ በዱቤ ነው። ዱቤ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። የድሃ ልጅ ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ከበር አይመለስም። ይህን መናቅ ትክክል አይመስለኝም። በብዙ አገር መጀመሪያ ክፈል ይባላል። እኛ ጋ መጀመሪያ ተማር ነው የሚባለው።

ዋናው ገንዘብ ሳህኑ ላይ ነው

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እኚያ እናት ያላወቁት፣ እውነት ለመናገር እኔም ቁጭ ብዬ እስካሰላው ድረስ ያልገባኝ ነገር እዚህ አለ።

ብዙ ሰው ትልቁ ዕዳ የትምህርቱ ይመስለዋል። ነገር ግን ከትምህርቱ የሚጠየቀው ትንሽ ድርሻ ነው፤ ከምግቡ የሚጠየቀው ሙሉው ነው። ስለዚህ የምግብ ተመን በጨመረ ቁጥር ዕዳው አብሮ ያድጋል።

ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ለብዙ ዓመት 15 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳና እራት በ15 ብር። ወደ 22 ብር ከፍ አለ። በ2017 ደግሞ 100 ብር ሆነ። ጭማሪው የግድ ነበር። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ገበያው ምን እንደሆነ ደሴ ሰኞ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በ22 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት አይቻልም ነበር። ልጆቹ ውሃ የበዛበት ወጥ ሲበሉ ነው የከረሙት።

ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። አንድ ተማሪ በዓመት አሥር ወር ግቢ ይቆያል እንበል። በ15 ብር ዘመን የዓመት ምግቡ 4,500 ብር ነበር። በ100 ብር ተመን 30,000 ብር ይሆናል። ከ2012 ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ኮርስ ስለተጨመረ አብዛኛው ዲግሪ አራት ዓመት ሆኗል። አራት ዓመት ሲባዛ 120,000 ብር ይመጣል። የምግቡ ብቻ ነው። መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ ገና አልተደመረም። ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ነው፤ ሕክምና ከዚያም ይረዝማል።

አሁን በመመለሻው በኩል እንየው። በ2018 መጀመሪያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ 10 በመቶ 1,150 ብር ነው። 120,000 ብርን በወር በ1,150 ለመክፈል ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ይፈጃል። ደመወዙ እያደገ ሲሄድ ዓመቱ ያጥራል። ግን በ11,500 ብር ደሴ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለእናቱ ትንሽ ልኮ የሚኖር ወጣት ነው 1,150ውን የሚከፍለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ከባድ ናቸው።

እያንዳንዱ ግቢ ቅጹ ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል። እኔ ሕጉ በተጻፈበት መንገድ ነው ያሰላሁት። ለዚህ ነው ልጆቹ ቁጥሩን አንብበው እንዲፈርሙ የምጎተጉተው። ውሉ በየዓመቱ ይፈረማል። በየዓመቱ ፎቶ ያንሱት። ሲመረቁ «ይህን ያህል አለብህ» ሲባሉ የሚያመሳክሩት ነገር በእጃቸው ይኖራል።

አንድ ምርጫም አለ። ተማሪው ግቢ ውስጥ ካልበላ «ነን ካፌ» ይባላል፤ የምግቡን ገንዘብ በየወሩ በእጁ ይቀበላል። ብሩ ሲገባ ደስ ይላል። ነገር ግን ያም ብር የኋላ ዕዳ ነው፤ ስጦታ አይደለም። ውጭ በልቶ ወሩን ማዳረስ ከባድ ነው። ቤተሰብ ከጎን የሚደግፈው ካልሆነ በቀር ካፌ መብላት ይሻላል እላለሁ።

ኦሪጅናሉ የት ነው?

ዕዳው የሚታወሰው ብዙ ጊዜ ሰው ሊቸኩል ሲል ነው። ተመራቂው መጀመሪያ የሚያገኘው ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ኦሪጅናል ዲግሪውንና ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ትራንስክሪፕቱን (የውጤት ዝርዝሩን) ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ ክፍያ ማጠናቀቁን ወይም ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሙሉውን ገንዘብ ፍለጋ ዘመድ ለዘመድ ሲዞር አይቻለሁ። ተቀጥሮ ሲሠራ የቆየ ቢሆንም እንኳ አሠሪው የቆረጠበትን በደንብ ስላልመዘገበለት እንደገና ክፈል የተባለም አለ። የደመወዝ ወረቀቱን ቢያስቀምጥ ኖሮ ይቀልለት ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የተቆረጠበትን ማስረጃ ሰብስቦ መያዝ ነው። አሰልቺ ምክር ነው፤ ግን ብዙ ብር ያድናል።

ማንም የማይመዘግበው ወጪ

ከዚህ በኋላ እኚያ እናት አንድ ነገር ተናገሩ። «የኋላውን ተወው። እኔን የገደለኝ የፊቱ ነው» አሉ።

ልክ ናቸው። ዕዳው በኋላ ነው የሚመጣው። ልጁ ግቢ ለመድረስ የወጣው ግን ዛሬ የወጣ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች የቅበላ ማስታወቂያ ሲያወጡ የሚጽፉትን ታውቁታላችሁ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ኦሪጅናልና ኮፒ። ጉርድ ፎቶግራፍ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅ። የስፖርት ትጥቅ። አንድ መስመር ነው። እኚያ እናት ያን አንድ መስመር ለመሙላት በግ ሸጠዋል። በላዩ ላይ ትራንስፖርት አለ። ልጃቸው የተመደበው ደቡብ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ቀን ሙሉ መንገድ። በመሃል ማደሪያ። መንገዱ ሰላም ባልሆነ ጊዜ ደግሞ በሌላ ዞሮ መሄድ ወይም ቀን መጠበቅ አለ። ያም ገንዘብ ነው።

ግቢ ከገባ በኋላ ስልክ ያስፈልጋል። ዛሬ ሃንድአውቱም፣ ማስታወቂያውም፣ የአሳይመንቱ ቀንም በቴሌግራም ነው የሚላከው። ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ የዶርም ጓደኛውን ይለምናል። ከዚያ የኢንተርኔት ካርድ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙና፣ ጫማ። ኮምፒውተር ለሚማር ልጅ ላፕቶፕ። ኮስት ሼሪንግ ከእነዚህ አንዱንም አይሸፍንም። እንግዲህ ዶርምና ምግብ በዱቤ ያገኘ ልጅ በ200 ብር ካርድ እጦት ወደኋላ ይቀራል። ችግሩን ለመንገር የሚያፍር ልጅ ብዙ ነው። አንዳንዱ «አመመኝ» ብሎ ዊዝድሮው፣ ማለትም የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ ይሞላል። የታመመው ኪሱ ነው።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ ወጪው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው የጀመረው። እኔ ያደግሁት ወረኢሉ ገጠር ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት ስንቅ ተሸክሜ ነው። የገጠር ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ከቤቱ ይወጣል። ወረዳ ከተማ ላይ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ ወደ ቤት ነው። እሑድ ስንቅ ተሸክሞ መመለስ ነው፤ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል። ያን እያራገፉ ይበላሉ። ኪራዩ ደግሞ በየወሩ ነው። ለአባት ይህ ከዩኒቨርሲቲው በላይ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በዱቤ አይደለም። ጤፉ ተሸጦ ነው የሚከፈለው። የሴት ልጅ ሲሆን ሌላ ስጋትም ይጨመርበታል። «ለብቻዋ ከተማ ተከራይታ?» ይባልና ትቀራለች።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ተፈታኞች አንስቶ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ ብዛት ታውቋል። በ2014 3.3 በመቶ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። በ2017 8.4 በመቶ። ትንሽ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጡት በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ሌላ ዕድል ያገኛሉ። ብዙኃኑ ግን እዚያው ይቀራል። እንግዲህ አስቡት። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው ያ ሁሉ ብር የሚደርሰው በሩን ላለፉት ጥቂቶች ነው። ማን ነው የሚያልፈው? በብዛት ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረው፣ እቤቱ መብራትና መጽሐፍ ያለው ልጅ ነው። ድርቆሽ እየበላ ያጠናው ልጅ ግብር የሚከፍል አባት አለው፤ ድጎማው ግን አይደርሰውም።

በኛ አካባቢ ደግሞ ጦርነት ተጨመረበት። በ2014 ወሎ ዩኒቨርሲቲም ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ላብራቶሪ፣ ኮምፒውተር፣ የሕሙማን አልጋ ሳይቀር ሄዷል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም አልተረፉም። ከዚያ በኋላም በክልሉ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ያመለጠ ዓመት ራሱ ወጪ ነው፤ ልጁ በዚያ ዓመት አልተማረም፣ አልሠራም።

ለዚህ ነው እኔ «የከፍተኛ ትምህርትን ወጪ ማቅለል» ሲባል ሐሳቤ ከኮስት ሼሪንጉ ቀድሞ ወደ ሁለት ቦታ የሚሄደው። አንዱ የ9ኛ ክፍል ኪራይ ነው። ሌላው የኪስ ገንዘብ ነው።

የግል ኮሌጅስ?

የመንግሥቱ ያልደረሰው ልጅ የግል ኮሌጅ፣ የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ ወይም የርቀት ትምህርት ይመርጣል። እዚህ ዱቤ የለም። በክሬዲት አወር ወይም በወር ይከፈላል፤ መመዝገቢያው ለብቻ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ለዓመት ሳይሆን እስከ ምረቃ ድረስ ስንት እንደሚሆን አስደምሩ። በመሃል ዋጋ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ክፍልና ለዚያ ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታደሰ ዕውቅና እንዳለው አጣሩ። ደሴ ላይ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ ሌላ ከተማ ላይ ላይኖረው ይችላል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም፤ የግልም የመንግሥትም። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በመውጫ ፈተና እንዴት እንደሆኑ መጠየቅ ነውር የለውም። ርካሽ የሆነ ኮሌጅ ዲግሪው ካልሠራ ከሁሉም በላይ ውድ ይሆናል።

ቴክኒክና ሙያን፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅን በንቀት አትዩ። ደሴም ወልድያም ላይ አማራጭ አለ። በአጭር ጊዜ ሥራ ላይ ያደርሳሉ፤ እየሠሩ ዲግሪ መቀጠልም ይቻላል።

ምን ቢደረግ ይቀላል?

እኔ የትምህርት ሚኒስቴር ሰው አይደለሁም። ግን ይህን ጉዳይ ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ የሚመስለኝን ልናገር።

መጀመሪያ ዕዳው ወለል ቢኖረው። ምን ማለት ነው? አውስትራሊያ በፈረንጆች 1989 ተመሳሳይ ነገር ጀመረች፤ ተማር፣ በኋላ ከደመወዝህ ክፈል የሚል። የኛ ሲነደፍም የእነሱ ታይቶ ነበር። እነሱ ጋ ግን ገቢህ ከተወሰነ መጠን ካላለፈ ምንም አትከፍልም። ሲያልፍ መቆረጥ ይጀምራል። ሥራ ካጣህ ይቆማል። እኛም ከመነሻ ደመወዝ ላይ ከመቁረጥ ይልቅ «ደመወዝህ ይህን ያህል ሲደርስ እንጀምራለን» ብንል ለጀማሪው ትልቅ እፎይታ ነው። መንግሥት ገንዘቡን አያጣም፤ ትንሽ ቆይቶ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ምግብ ነው። 100 ብሩ ተገቢ ነው፤ ግን ጭማሪው ሁሉ ልጁ ዕዳ ላይ መጫኑ ልክ አይመስለኝም። የዋጋ ንረቱን ያመጣው ልጁ አይደለም። ቢያንስ በሴፍቲኔት የታቀፈ ቤተሰብ ልጅ የምግቡ ዕዳ ቢሰረዝለት። ማን እንደሆነ ለማወቅ አዲስ ጥናት አያስፈልግም፤ ስሙ ቀበሌ መዝገብ ላይ አለ።

ሦስተኛው የኪስ ገንዘብ። ኬንያ ከ1995 በፈረንጆች ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ብድር ቦርድ አላት። የቤተሰብ አቅም ይጠየቃል፤ ብድሩ ለኑሮም ጭምር ነው፤ የተወሰነው በተማሪው እጅ ይገባል። ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም፤ እዚያም ብዙ ቅሬታ አለ። ሐሳቡን ግን እወደዋለሁ። የኛ ልጅ ምግብ በዱቤ ከበላ ካርድና ፎቶ ኮፒም በዱቤ ቢያገኝ ምን አለ? ትንሽ ነው። በወር ጥቂት መቶ ብር አንድን ልጅ ዊዝድሮው ከመሙላት ያድነዋል።

ምደባም አለ። ልጆች ከየአካባቢው ተቀላቅለው መማራቸውን እደግፋለሁ። ከወለጋ፣ ከሲዳማ፣ ከሐረር የመጣ ልጅ ወሎ መጥቶ ቡና ጠጥቶ፣ ዘመድ አፍርቶ ሲመለስ ደስ ይለኛል። ግን ለትራንስፖርት በግ የሚሸጥ ቤተሰብ «ልጄ ቅርብ ይሁንልኝ» ሲል ሊሰማ ይገባል። የወሎ ቦረና ልጅ እዚያው መካነ ሰላም ቢማር ስንቁ ራሱ ይከተለዋል።

ከመንግሥት ውጭ ደግሞ እኛ አለን። ወሎ ውስጥ ቅሬ (ሌላው አካባቢ ዕድር የሚለው) የሌለው ሰፈር የለም። ቅሬ ለለቅሶ ነው የተቋቋመው፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ የወር መዋጮ፣ ሒሳብ ያዥ ሁሉ አለው። ማን ምን እንደጎደለው ከቅሬው ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። እያንዳንዱ ቅሬ በዓመት አንድ ልጅ አንሶላና ብርድ ልብስ ገዝቶ፣ የአውቶቡስ ቆርጦ ቢልክ አስቡት። ወይም ወረዳ ከተማ ላይ ያሉ ቅሬዎች ተባብረው ለ9ኛ ክፍል የገጠር ሴት ልጆች አንድ ቤት ቢከራዩ፣ አንዲት እናት አብራቸው ብታድር። ይህ ሚሊዮን አይጠይቅም። በየግቢው ተማሪዎች ራሳቸው የበጎ አድራጎት ክበብ አቋቁመው ለተቸገረ ጓደኛቸው ልብስና ሳሙና ይሰበስባሉ። እነሱ ያለ ገቢ ይህን ካደረጉ ደመወዝተኛው ምን ይላል?

የከፈለ ተመራቂ ብር ደግሞ ወደ ትምህርት ይመለስ። ሰው ኮስት ሼሪንጉ ለታናሹ ኪራይ እንደሚውል ቢያውቅ በደስታ ይከፍላል ብዬ አምናለሁ። አሁን ግን የት እንደሚገባ አያየውም። በዓመት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ተማሪ «እስካሁን ይህን ያህል አለብህ፤ ይህን ያህል ከፍለሃል» የሚል መልእክት በስልኩ መላክ ይቻላል። ፋይዳ መታወቂያ ተጀምሯል። ሰውን ከዕዳው ጋር ማገናኘት እንደ ድሮው ከባድ አይደለም።

በረካው ሲቀዳ እኚያ እናት ወረቀት ጠየቁኝ። የዓመቱን ዕዳ በቁጥር ጻፍኩላቸው። ከሥሩ ደግሞ በወር ስንት እንደሚቆረጥ፣ ኦሪጅናሉ መቼ እንደሚወጣ፣ ልጁ ምን ምን ወረቀት ማስቀመጥ እንዳለበት። አጥፈው የቅሬ መዋጮ ደብተራቸው ውስጥ ከተቱት።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። «ታናሿ ዘንድሮ 8ኛ ናት» አሉ። «ለሷ ከመቼ ጀምሮ ነው የምቆጥረው?»

«ከዘንድሮ» አልኳቸው። እሷ ወረዳ ከተማ አትከራይም፤ ደሴ ናት። ከገጠር የምትመጣ የአክስቷ ልጅ ግን አለች፤ በሚቀጥለው ዓመት 9ኛ ትገባለች። እሳቸው ዘንድ እንድታርፍ ተነጋገርን። አንድ ፍራሽ ይበቃል። ስንቋን ከቤቷ ታመጣለች። ፍራሹን እኔ እገዛለሁ አልኩ፤ ቅዳሜ አብረን ገበያ እንወጣለን።